ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ወይስ ማክ? የኮምፒውተርዎን ደህንነት ፈትነው የሚያወዳድሩበት ዝርዝር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው በየሳምንቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፦ «ከቫይረስ የሚያድነው የትኛው ነው?» ኮምፒውተሩን ከሚያንቀሳቅሱት ሥርዓቶች፣ ከዊንዶውስ፣ ከሊኑክስና ከማክ፣ ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ በአንድ ቃል ይሰጣል፤ «ሊኑክስ» ይባላል። ጠያቂው ያስጭናል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አልከፈት ይለዋል፣ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈው ደብዳቤ የምልክት ክምር ሆኖ ይታየዋል። ተስፋ ቆርጦ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዊንዶውስ መልሶ ያስጭናል፤ ከተነሳበትም የባሰ ቦታ ላይ ይደርሳል።

ስህተቱ ስምን ከስም ማወዳደር ነው። በዚህ ወር የታደሰ ዊንዶውስ 11 አለ፤ ለዓመታት አንድም ማሻሻያ ያላየ ዊንዶውስ 7 አለ፤ ሁለቱም «ዊንዶውስ» ይባላሉ። የሚወዳደረው ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ማሽን ነው፤ ከነእትሙ፣ ከነአካውንቱ፣ ከነኢንተርኔት ወጪው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩ። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

## ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ግማሽ ቀን ይመድቡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጀምሩ። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

1. ሁለት ፍላሽ፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ። አንዱ በደረጃ 3 ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚጠፋ ምንም የሚፈልጉት ነገር አይኑርበት።
2. መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ተነቃይ ሃርድ ዲስክ።
3. ደብተርና እስክሪብቶ። ማስታወሻውን በስልክም በኮምፒውተርም አይያዙ፤ ኮምፒውተሩ አልነሳ ቢል የሚያድንዎት ወረቀቱ ነው።
4. ዋይፋይ ወይም በቂ የዳታ ጥቅል። ከ3 እስከ 6 ጊጋባይት ያወርዳሉ።
5. የተሞላ ባትሪ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። ማሻሻያ በመጫን ላይ እያለ መብራት የሄደበት ማሽን ላይነሳ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰነዶችዎን ሁሉ ወደ ተነቃዩ ዲስክ ይገልብጡ። ከዚያ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩና አምስት ፋይሎችን ከፍተው ይዩ። «ገልብጫለሁ» ካሉ በኋላ ባዶ ማኅደር ያገኙ ሰዎች ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። አምስቱ ፋይሎች ካልተከፈቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

## ደረጃ 1፦ የሚፈሩትን በስሙ ይጻፉ

«ቫይረስ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በከተማችን ደጋግመው ያጋጠሙኝ አደጋዎች እነዚህ ናቸው፦

ፍላሽ። በዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። ማኅደሮች ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው አዶዎች የሚታዩበት፣ ሲጫኗቸው ቫይረሱን የሚያስነሱት «ሾርትከት ቫይረስ» የሚዞረው በዚህ መንገድ ነው።

ክራክ። ፈቃድ ለማለፍ ተብሎ የሚጫን አክቲቬተር። ይህ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት አንቲቫይረሱን እንዲያጠፉለት ይጠይቃል። በሩን ከፍተው ዘበኛውን ከሰደዱ በኋላ የሚገባውን አይመርጡም።

ስርቆት። መናኸሪያ፣ ካፌ፣ የተሰበረ የቢሮ መስኮት።

በቴሌግራም የሚላክ ፋይል። «የክፍያ ደረሰኝ» ተብሎ የመጣ፣ ግን ፕሮግራም የሆነ ነገር።

አንድን ማሽን የሚጋሩ ሰዎች። ልጆች፣ ባልደረባ፣ ተለማማጅ።

ከእነዚህ ውስጥ ለእርስዎ የሚያሰጉትን ሦስት ይምረጡ። በጣም ለሚያሰጋዎት 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ይስጡ። እነዚህን ክብደቶች በደረጃ 6 ይጠቀሙባቸዋል። የሂሳብ ሠራተኛና የመንገድ ላይ ፎቶ አንሺ የተለያየ ነገር ይፈራሉ፤ ትክክለኛው ምርጫም ይለያያል።

## ደረጃ 2፦ ያለዎትን በትክክል ይለዩ

በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ የእትሙን ሙሉ ስም፣ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ የተጫነበትን ቀን፣ የድጋፉን ማብቂያ (አምራቹ ማሻሻያ መስጠት የሚያቆምበትን ቀን)።

1. ዊንዶውስ ላይ፦ ‹ሴቲንግስ› ይክፈቱ፣ ‹ሲስተም›፣ ከዚያ ከታች ‹አባውት›። እትሙን ይጻፉ። ተመልሰው ‹ዊንዶውስ አፕዴት›፣ ከዚያ ‹አፕዴት ሂስትሪ› ይክፈቱና የመጨረሻውን ቀን ይጻፉ።
2. ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ፦ ‹ሴቲንግስ›፣ ‹ሲስተም›፣ ‹አባውት›። ቀጥለው ‹ሶፍትዌር አፕዴተር›ን ይክፈቱና የተጠራቀመ ማሻሻያ ካለ ይመልከቱ።
3. ማክ ላይ፦ በግራ ከላይ ያለውን የአፕል ምልክት ይጫኑ፣ ‹አባውት ዚስ ማክ›። የማሻሻያው ገጽ ‹ሲስተም ሴቲንግስ› ውስጥ ‹ጀነራል› ሥር ነው።

አሁን ከእነዚህ ቀኖች ጋር ያስተያዩ። ዊንዶውስ 7 ለተራው ተጠቃሚ ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ነው። ዊንዶውስ 8.1 ጥር 2 ቀን 2015 አበቃ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች በተዘረጋው የተራዘመ ማሻሻያ የተመዘገበ ብቻ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይቀጥላል። ዊንዶውስ 11 ራሱ በእትም በእትም ነው የሚደገፈው፤ የ‹ሆም› እና የ‹ፕሮ› እያንዳንዱ ዓመታዊ እትም 24 ወር ያገኛል። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የረጅም ጊዜ እትም መደበኛ ድጋፉ 5 ዓመት ነው፦ 20.04 በግንቦት 2017 አብቅቷል፣ 22.04 እስከ 2019፣ 24.04 እስከ 2021 ይቀጥላል። አፕል የተጻፈ የማብቂያ ቀን አያወጣም፤ ልማዱ የመጨረሻውንና ከእርሱ በፊት ያሉትን ሁለት እትሞች ማደስ ነው።

ድጋፉ ያበቃ ሥርዓት ከውድድሩ ይወጣል። ሌላ ምንም ነጥብ አያስፈልገውም። «ለዓመታት ምንም አልሆነብኝም» የሚሉ ሰዎችን መልሼ የምጠይቃቸው፣ ቢሆንብዎት ኖሮ በምን ያውቁ ነበር የሚል ነው።

### እዚህ ደረጃ ላይ ሲበላሽ

‹ዊንዶውስ አፕዴት› ሲከፈት የግልዎ ማሽን ላይ «በድርጅትዎ የሚተዳደር» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ወይም ገጹ ከጠፋ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ማሻሻያውን አጥፍቶታል ማለት ነው። በርካሽ የተጫኑ ዊንዶውሶች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ለመጠገን አይድከሙ፤ ሌላ ምን እንደተነካካ ማወቅ አይችሉም። ሰነዶቹን ብቻ አውጥተው ከማይክሮሶፍት ገጽ በወረደ ፋይል እንደ አዲስ ይጫኑ።

ማሽንዎ ዊንዶውስ 11ን አልቀበል ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ነው፤ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን፣ ቲፒኤም 2.0 ከተባለው የደህንነት ቺፕ ጋር ይጠይቃል። ይህን ፍተሻ በማታለያ አልፎ መጫን ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት አስታውቋል። ለደህንነት ብለው የሚቀይሩ ከሆነ ይህን መንገድ ይተዉት።

## ደረጃ 3፦ ሊኑክስን ሳይጭኑ ይሞክሩ

ሊኑክስን ለማወቅ ዲስክዎን ማጥፋት አያስፈልግም። ከፍላሽ ላይ ተነስቶ፣ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል።

1. የኡቡንቱን ወይም የሊኑክስ ሚንትን ፋይል ከራሱ ከአዘጋጁ ገጽ ያውርዱ። ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ኡቡንቱ እጥፍ ነው። ዳታ ለሚቆጥብ ሚንት ይበቃዋል።
2. የፋይሉን አሻራ ይፈትሹ። ‹7-ዚፕ› የተባለው ነጻ ፕሮግራም ካለ ፋይሉን በቀኝ ተጭነው የኤስኤችኤ 256 አሻራን ያውጡ። 64 ፊደልና ቁጥር ይወጣል። በአዘጋጁ ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ።
3. ‹ሩፈስ› በተባለው ፕሮግራም ወደ ባዶው ፍላሽ ይጻፉት። ትክክለኛው ፍላሽ መመረጡን ሁለት ጊዜ ይዩ።
4. ኮምፒውተሩን ዘግተው ሲያበሩ የማስነሻ ምርጫውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9።
5. ‹ትራይ› የሚለውን ይምረጡ። ‹ኢንስቶል› የሚለውን ዛሬ አይንኩ።

ሁለተኛውን ነጥብ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። የካቲት 12 ቀን 2008 የሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ተሰብሮ፣ አውራጆች ስውር በር የተገጠመበት የተቀየረ ፋይል ወዳለበት ቦታ ተመርተው ነበር። ከቫይረስ ለመሸሽ የወጡ ሰዎች ስውር በሩን በእጃቸው ጫኑ። ስለዚህ አሻራው ካልገጠመ ፋይሉን ይሰርዙና እንደገና ያውርዱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስነሻውን ከመንካትዎ በፊት የዊንዶውሱ ዲስክ በ‹ቢትሎከር› የተመሰጠረ መሆኑን ይፈትሹ። ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመመለሻ ቁልፍ በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። በማስነሻ ቅንብሩ ውስጥ ‹ሴኪዩር ቡት›ን (ያልታመነ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ካጠፉ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎቹ የሉም፤ የሚከፍትልዎት ጠጋኝም የለም። ኡቡንቱ ‹ሴኪዩር ቡት› በርቶም ስለሚነሳ እንዲያጠፉት የሚመክርዎትን ሰው አይስሙ።

## ደረጃ 4፦ አምስቱ ፈተናዎች

በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ይሥሯቸው። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይስጡ። ከፍላሽ የተነሳው ሊኑክስ የይለፍ ቃልም ምስጠራም የለውም፤ በፈተና ሀ እና መ ላይ ሊኑክስን ለመመዘን በትክክል የተጫነበትን የወዳጅ ማሽን ይጠቀሙ።

### ሀ. አለቃው ማን ነው?

በዕለታዊ አካውንትዎ ገብተው አንድ ፕሮግራም ለመጫን ይሞክሩ። ምንም ሳይጠይቅ ከተጫነ 0። ‹የስ› የሚል አዝራር ብቻ ወይም በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ያንኑ የይለፍ ቃል ከጠየቀ 1። ሌላ ሰው የማያውቀውን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ከጠየቀ 2።

በዚህ ፈተና ሊኑክስም ማክም በራሳቸው አያልፉም። ሦስቱም የመጀመሪያውን ተጠቃሚ አስተዳዳሪ ያደርጉታል። ለማስተካከል፦

1. አዲስ አካውንት ይፍጠሩና አስተዳዳሪ ያድርጉት።
2. ከአካውንትዎ ወጥተው በአዲሱ ይግቡ። የይለፍ ቃሉ መሥራቱን ያረጋግጡ።
3. ከዚያ ብቻ የዕለት ተዕለቱን አካውንት ወደ ተራ ተጠቃሚ ይቀይሩ።

ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ። ሁለተኛውን ዘለው ሦስተኛውን የሠሩ ሰዎች ከገዛ ማሽናቸው ተቆልፈው ወጥተዋል።

### ለ. ማሻሻያው በእርግጥ ይደርሳል?

ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። ረቡዕ ጠዋት ማሽንዎን ከፍተው መድረሱን ይዩ። ኡቡንቱ የደህንነት ማሻሻያዎችን በየዕለቱ እየፈለገ ሳይጠይቅ እንዲጭን ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሌላም ብልጫ አለው፦ ከራሱ ማከማቻ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ መንገድ ያድሳል፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ብዙዎቹ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ይከተላሉ።

እዚህ ላይ የሐዋሳን ሰው የሚጥለው ዳታ ነው። ዳታ እንዳይበላ ብለው የስልካቸውን ኢንተርኔት ‹ሜተርድ› ብለው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በዚያ ቅንብር አብዛኞቹ ማሻሻያዎች በራሳቸው አይወርዱም። ማሽኑ ደህና ይመስላል፤ የመጨረሻው ማሻሻያ ግን የአምና ነው። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ‹ሴቲንግስ›፣ ‹ኔትወርክ›፣ የሚጠቀሙበትን ግንኙነት ይክፈቱ። ‹ሜተርድ› በርቶ ከሆነ በወር አንድ ቀን መርጠው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው ያጥፉት።
2. ቢሮ ውስጥ ከሁለት በላይ ዊንዶውስ ካለ ‹ዊንዶውስ አፕዴት› ውስጥ ‹አድቫንስድ ኦፕሽንስ›፣ ከዚያ ‹ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን› ይክፈቱና በአካባቢው ኔትወርክ ካሉ ማሽኖች መቀበልን ይፍቀዱ። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእርሱ ይወስዳሉ።
3. በዚያ ወር ምን ያህል ሜጋባይት እንደሄደ ከ‹ዳታ ዩሴጅ› አይተው ይመዝግቡ።

ያለ እርስዎ ድካም ከደረሰ 2፣ በወር አንዴ በእጅዎ ካደረጉት 1፣ ወጪው ስላልተቻለ ከተተወ 0። በወረቀት ላይ የሚበልጥ ሥርዓት ማሻሻያውን የሚያወርዱበት ዳታ ካጡ አይበልጥም። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

### ሐ. ፕሮግራሞቹ ከየት መጡ?

የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ይክፈቱ። ከእያንዳንዱ ጎን ከየት እንደመጣ ይጻፉ፦ ከአዘጋጁ፣ ከሥርዓቱ ማከማቻ፣ ከሰው ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ቻናል። አንድም ክራክ ካለ ነጥቡ 0 ነው፤ ዊንዶውስም ይሁን ማክ።

የሊኑክስ ማከማቻ በፊርማ የተጠበቀ ስለሆነ እዚህ ብልጫ አለው። ይሁንና ፍጹም አይደለም። መጋቢት 20 ቀን 2016 ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች በሚጠቀሙበት ‹ኤክስዜድ› በተባለ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ ስውር በር መገኘቱ ተገለጸ። የሙከራ እትሞችን ለሚጠቀሙ ደርሶ ነበር፤ የተረጋጉት እትሞች ጋር ሳይደርስ ተያዘ። ከዚህ የሚወሰደው ትዕዛዝ ግልጽ ነው፦ ለሥራ የሚሆን ማሽን ላይ የሙከራ እትም አይጫኑ።

ሌላው የሊኑክስ ተጠቃሚ ድክመት ከማያውቀው ሰው የተላከለትን ትዕዛዝ፣ ትዕዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት (ተርሚናል) ላይ ለጥፎ የይለፍ ቃሉን መስጠቱ ነው። ይህ ከክራክ አይተናነስም።

### መ. ሌባ ቢወስደው ምን ያነባል?

ይህን ፈተና በራስዎ ማሽን ላይ ብቻ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

1. ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ‹ሺፍት› ቁልፍን ይዘው ‹ሸት ዳውን› ይጫኑ።
2. በደረጃ 3 ባዘጋጁት ፍላሽ ሊኑክስን ያስነሱ።
3. የፋይል መክፈቻውን ከፍተው በግራ በኩል የሚታየውን የዊንዶውስ ዲስክ ይጫኑ።

ሰነዶችዎ የይለፍ ቃል ሳይጠየቁ ከተከፈቱ፣ ላፕቶፕዎን የሰረቀም ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያያቸዋል። የመግቢያ ይለፍ ቃልዎ ምንም አልጠበቀም፤ 0። ቁልፍ ከጠየቀ 2።

ሲበላሽ፦ ዲስኩ አልከፈት ብሎ ስለ ‹ሃይበርኔሽን› ከጻፈ የተመሰጠረ መስሎዎት አይታለሉ። ዊንዶውስ በትክክል አልተዘጋም ማለት ነው። ወደ ቁጥር 1 ይመለሱ።

ለማስተካከል፦ ዊንዶውስ ‹ፕሮ› ላይ ‹ቢትሎከር›ን፣ ‹ሆም› ላይ ማሽኑ ከፈቀደ ‹ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን›ን ያብሩ። ማክ ላይ ‹ፋይልቮልት›ን ያብሩ። ኡቡንቱ ላይ ምስጠራው የሚመረጠው ሲጫን ነው፤ ያኔ ከታለፈ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መጫን ይጠይቃል። ሰው ሊኑክስ ሲጭንልዎት አጠገቡ ቁሙና ይህ ምርጫ ሲመጣ እንዳያልፈው ይንገሩት። በሦስቱም የመመለሻ ቁልፉን በወረቀት ጽፈው ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ያስቀምጡ።

### ሠ. የፍላሽ ፈተና

እውነተኛ ቫይረስ ይዘው አይፈትኑ። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ‹አይካር› የሚባል 68 ፊደላት ያሉት የሙከራ ፋይል አለ፤ ጉዳት የለውም፣ አንቲቫይረሶች ግን እንደ ቫይረስ እንዲይዙት ተስማምተዋል።

1. ዊንዶውስ ላይ የፋይል ቅጥያና የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፦ የፋይል መክፈቻው፣ ‹ቪው›፣ ‹ሾው›።
2. ‹ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ› ውስጥ ‹አውቶፕሌይ›ን ያጥፉ።
3. የ‹አይካር›ን ፋይል ከአዘጋጁ ገጽ ለማውረድ ይሞክሩ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ‹ዲፌንደር› ወዲያው መያዝ አለበት። ካልያዘ ጥበቃው ጠፍቷል፤ ማን እንዳጠፋው ይፈልጉ።

ሊኑክስ ላይ ይህንኑ ሲያደርጉ ምንም ነገር አይከሰትም። ፋይሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት «ልጄ፣ ሊኑክሱ ቫይረስ አይነካውም ተብዬ ነው የቀየርኩት፤ ደንበኞቼ ግን ከእኔ ወሰድን ይላሉ» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። የዊንዶውሱ ቫይረስ በእርሳቸው ማሽን ላይ አልሠራም፤ ማኅደር ሲገለብጡ ግን አብሮ ተገልብጦ ወደ ሌላው ፍላሽ ተሻገረ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ‹ክላምኤቪ› የተባለውን ነጻ አንቲቫይረስ ጭኖ የደንበኛን ፍላሽ ይፈትሽ፤ ለራሱ ባያስፈልገው ለሰው ያስፈልጋል።

ፍላሽ በሾርትከት ቫይረስ ሲያዝ፦ አዶዎቹን አይጫኑ። ሊኑክሱን ከፍላሽ አስነስተው የታመመውን ይሰኩ። የተደበቁት ማኅደሮች ያለ ችግር ይታያሉ። ሰነዶችንና ፎቶዎችን ብቻ ይገልብጡ፣ ሌላውን ሁሉ ይተዉ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ።

## ደረጃ 5፦ በክፍተት ቁጥር አይወስኑ

«በዚህ ዓመት ሊኑክስ ላይ ይህን ያህል፣ ዊንዶውስ ላይ ያን ያህል ክፍተት ተገኘ» የሚል ሰንጠረዥ ያጋጥምዎታል። አይመዝኑበት። ‹ሲቪኢ› የሚባለው የክፍተት መለያ ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ለምሳሌ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) አዘጋጆች በየካቲት 2016 ራሳቸው ቁጥር መስጠት ሲጀምሩ፣ ለደህንነት ሊያሰጋ ለሚችል ለእያንዳንዱ ጥገና ማለት ይቻላል ቁጥር ስለሚሰጡ ድምሩ አሻቀበ። ከርነሉ በአንድ ሌሊት አልተበላሸም፤ አቆጣጠሩ ተቀየረ።

ከቁጥሩ ይልቅ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ክፍተቱ ሰው እየተጠቃበት ነው? ይህን የአሜሪካ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደህንነት ኤጀንሲ በነጻ በሚያወጣው ዝርዝር ማየት ይቻላል። ጥገናው ከወጣ በኋላ እኔ ዘንድ በስንት ቀን ይደርሳል? ‹ዋናክራይ› የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓለምን ሲያናውጥ፣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮሶፍት ጥገና ከወጣ 59 ቀን ሆኖት ነበር። በ2004 ደግሞ ‹ፍላሽባክ› ከ600 ሺህ በላይ ማኮችን የያዘው በጃቫ ክፍተት ነው፤ የጃቫ ባለቤት ለሌሎች ጥገናውን ካወጣ በኋላ አፕል ለማክ ለማድረስ ሳምንታት ዘግይቶ ነበር። በመጀመሪያው የዘገየው ተጠቃሚው፣ በሁለተኛው አምራቹ ነው። እርስዎ የሚቆጣጠሩት የመጀመሪያውን ነው።

## ደረጃ 6፦ ይደምሩና ይወስኑ

በደረጃ 1 የጻፏቸውን ፍርሃቶች ከፈተናዎቹ ጋር ያገናኙ፦ ፍላሽ ከሠ ጋር፣ ክራክና የቴሌግራም ፋይል ከሐ ጋር፣ ስርቆት ከመ ጋር፣ የጋራ ማሽን ከሀ ጋር። ነጥቡን በክብደቱ ያባዙ። ፈተና ለን ለሁሉም ሰው በ3 ያባዙ። ይደምሩ።

ሁለት ማሽኖች ተቀራራቢ ከሆኑ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦

ገቢዎ በፒችትሪ ላይ ከቆመ ያን ማሽን ወደ ሊኑክስ አይቀይሩ። የታደሰ ዊንዶውስ 11 ያድርጉት፣ ተራ አካውንት ይስጡት፣ የሰው ፍላሽ አይሰካበት። ኢሜይልና ቴሌግራም ሌላ ማሽን ላይ ይሁኑ።

ያረጀ ላፕቶፕ ያለዎት ተማሪ ከሆኑ፣ ዊንዶውስ 11ም የማይቀበልዎት ከሆነ፣ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይሻላል። መጀመሪያ ግን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሰነዶችዎን ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ (ሁሉም ሥርዓት ወደሚያነበው የፊደል አጻጻፍ) ይለውጡ ወይም በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። የአማርኛ መጻፊያውን ከፍላሽ በሚነሳው ሊኑክስ ላይ አንድ ገጽ ጽፈው ይሞክሩት፤ እጅዎ ካልለመደው ከሳምንት በኋላ ይመለሳሉ።

ማክ ካለዎት ይያዙት፤ እትሙ እስከታደሰ ድረስ። ያገለገለ ማክ ሊገዙ ከሆነ ግን የቅርቡን እትም መቀበሉን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከወሰኑ በኋላ አሮጌውን ሥርዓት ለአንድ ወር አያጥፉ። በአዲሱ ይሥሩ፤ ያስቸገረዎትን ሁሉ በቀን በቀኑ ይጻፉ። በወሩ ውስጥ ለሥራ ብለው ሦስት ጊዜ ወደ አሮጌው ከተመለሱ ምርጫው ለእርስዎ አልሆነም፤ በነጥብ ሁለተኛ የወጣውን ይውሰዱና አምስቱን ፈተናዎች በእርሱ ላይ እስኪያልፍ ያስተካክሉት።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የመረጡት እትም ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉ። ከዚያ ስድስት ወር ወደኋላ ቆጥረው ሌላ ቀን ይጻፉና ያንን በስልክዎ ማስታወሻ ላይ ያስገቡ። ያ ቀን ሲደርስ ከደረጃ 2 ይጀምሩ።